በፍሪሞንት ጎዳና ነፃ ኮንሰርት ፊት ለመያዝ አትሽቀዳደሙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እኛ በላስ ቬጋስ ዳውንታውን በሆቴል፣ በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ የምንተዳደር አንባቢዎቻችሁ ነን። ሰመር በመጣ ቁጥር፣ አገር ቤት ክረምቱ በገባበት ወቅት ማለት ነው፣ ከአዲስ አበባም ከዲሲም ከዴንቨርም እንግዳ ይጎርፋል። አስተናጋጁ ስትሪፑን፣ ማለትም ታላላቆቹ ካዚኖዎች የተደረደሩበትን ጎዳና፣ አስጎብኝቶ ሲጨርስ የሚከተለው ግብዣ የታወቀ ነው፤ «ፍሪሞንት ነፃ የሮክ ኮንሰርት አለ፤ በጊዜ ሄደን ፊት እንያዝ።» ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ፊት መያዙ ግን ለአብዛኛው ሰው፣ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆችና ልጅ ለያዘ ቤተሰብ፣ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የከፋው ነው። ምክንያቱን እናስረዳ።

ፍሪሞንት ስትሪፑ ከመኖሩ በፊት የከተማዋ ዋና ጎዳና ነበር። ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ መንገድ ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሜይን ጎዳና እስከ 4ኛ ጎዳና ያለው ክፍል ከ400 ሜትር በላይ በሚረዝም ቅስት ጣሪያ ተሸፈነ። ጣሪያው ከፍተኛው ቦታ ላይ 27 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በ2019 ሲታደስ 49 ሚሊዮን በሚሆኑ የኤልኢዲ መብራቶች ተሞልቷል። ከሥሩ በሜይን፣ በ1ኛና በ3ኛ ጎዳና መገናኛዎች ላይ መድረኮች አሉ። «ዳውንታውን ሮክስ» የሚባለው የሰመር ኮንሰርት የሚቀርበው በእነዚህ መድረኮች ላይ ነው። ትኬት የለም፣ ወንበር የለም። ከመድረኩ አጠገብ ለብቻው የተከለለ የቪአይፒ ቦታ ካለ በአዘጋጆቹ በራሳቸው በኩል ይሸጣል እንጂ መንገድ ላይ አይሸጥም፤ «የመግቢያ ትኬት» ይዞ የሚጠጋ ሰው አጭበርባሪ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህ መንገድ ኮንሰርትም ኖረ አልኖረ በሰው የተጨናነቀ መሆኑን ነው። ስለዚህ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ሕዝብ አለ። አንደኛው ባንዱን ሊያይ ቆሟል። ሁለተኛው ከአንዱ ካዚኖ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መጠጡን ይዞ ያልፋል፣ ወይም ከራሱ በላይ በሽቦ የሚንሸራተቱትን የዚፕላይን ተሳፋሪዎች አንጋጦ ለማየት በድንገት ቀጥ ይላል። በግቢ ውስጥ የሚደረግ ኮንሰርት በር አለው፣ የገባው ይቆጠራል። እዚህ ግን ሰው ከካዚኖ በሮችም ከመስቀለኛ መንገዶችም እየወጣ ስለሚደመር፣ ከመድረኩ ፊት ያለው ጥግግት ባንዱ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። በጊዜ መጥቶ ሰፋ ባለ ቦታ የቆመ ሰው ባልጠበቀው ሰዓት ተጣብቆ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ጥግግት በግምት አይታወቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። በአንድ ካሬ ሜትር 2 ወይም 3 ሰው ሲቆም ዞር ማለት፣ ከቦርሳ ዕቃ ማውጣት ይቻላል። 4 ሲሆን የጎረቤት ክንድ ይነካል። 5 ሲሞላ በፈለጉት አቅጣጫ መራመድ ያዳግታል። 6ን ካለፈ ግለሰብ የሚባል ነገር አይቀርም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወዛወዛል፣ ከኋላ የተነሣ ትንሽ ግፊት ፊት ላይ ሲደርስ ከባድ ኃይል ይሆናል። መለኪያው ገላችሁ ነው፦ ሁለቱም ትከሻዎቻችሁ በአንድ ጊዜ በማታውቁት ሰው ከተነኩ የመውጫው ሰዓት ያኔ ነው። እጃችሁን አንሥታችሁ ፊታችሁን መንካት ካቃታችሁ ደግሞ ዘግይታችኋል።

በግፊያ የሚሞት ሰው ሁልጊዜ ተረግጦ የሚሞት ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቆሞ ሳለ ደረቱ ተጨፍልቆ መተንፈስ ስለሚያቅተው ነው። በኅዳር 2021 በሂውስተን አስትሮወርልድ ኮንሰርት የሞቱት 10 ሰዎች፣ የ9 ዓመት ልጅ ጭምር፣ ያለቁት በዚህ ነው። በጥቅምት 2022 በሴኡል የቱሪስትና የምሽት መዝናኛ ሰፈር በሆነው ኢቴዎን 159 ሰው የሞተው ኮንሰርት እንኳ በሌለበት፣ ከሁለት ጎዳናዎች የመጣ ሰው በአንድ ጠባብ ቁልቁለት ላይ ስለተገናኘ ነው። ፍሪሞንት ከዚያ መንገድ እጅግ ይሰፋል፤ ለማስፈራራት አይደለም። ነገር ግን ከመድረኩ ፊት ያለው የብረት አጥር ግፊያው የሚቆምበት ነው፤ የሚቆመውም አጥሩ ላይ ሳይሆን አጥሩ ላይ በተለጠፈው ሰው ደረት ላይ ነው።

ከገባችሁበት እንዴት ይወጣል? ፊት ለፊት ወደ ኋላ አይገፋም፤ ከሚመጣው ሰው ጋር መታገል ጉልበት መጨረስ ብቻ ነው። ክንዶቻችሁን አጥፋችሁ እንደ ቦክሰኛ ከደረታችሁ ፊት ያዙ፤ ለሳንባ የሚሆን ቦታ የሚያስቀረው ይህ ነው። ግፊያው በማዕበል ይመጣል፤ ሲመጣ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፣ ሲረግብ አንድ ሁለት እርምጃ በሰያፍ ወደ ጎን ሂዱ። ስልክም ጫማም ቢወድቅ አታጎንብሱ። የወደቀ ሰው ካለ ወዲያው አንሡት፣ በዙሪያው ያሉት ክፍት ቦታ እንዲተዉ ጩኹ። ራሳችሁ ወድቃችሁ መነሣት ካልቻላችሁ በግራ ጎን ተጠቅልላችሁ ራሳችሁን በክንድ ሸፍኑ። ጣሪያውን የተሸከሙት ዓምዶች አጠገብ መቆም እረፍት ይሰጣል፤ ሰው በግራና በቀኝ ተከፍሎ ስለሚያልፍ። ሆኖም ከዓምዱ ጎን እንጂ በዓምዱና በሕዝቡ መካከል አትግቡ።

እዚህ የሚመጡት ባንዶች አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስም ያወጡ ስለሆኑ ታዳሚውም ሰከን ያለ ነው። ጠንከር ያለ ሮክ የሚጫወት ባንድ ሲመጣ ግን ከመድረኩ ፊት ወጣቶች ክብ ከፍተው እየተጋፉ ይጨፍራሉ። ጠብ ይመስላል እንጂ ጠብ አይደለም፤ የወደቀውን ያነሣሉ፣ መግባት ያልፈለገውን አይጎትቱም። ክቡ ሊከፈት ሲል ሰው በድንገት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ያኔ ከመቋቋም አብሮ ማፈግፈግ ይሻላል። አንዳንዱም በሰው እጅ ላይ ተጋድሞ ወደ ፊት ይተላለፋል። እነዚህ የሚመጡት ከኋላ ስለሆነ ጫማቸው የሚያርፈው መድረኩን ብቻ በሚያይ ሰው ማጅራት ላይ ነው። ይህም የፊተኛው ረድፍ ሌላ በረከት ነው!

አሁን ወደ ድምፁ። ፊት ያለ ሰው ጥሩ ይሰማል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ከመሬት አጠገብ የሚቀመጡት የቤዝ ስፒከሮች ደረትን ይመታሉ፤ የዘፋኙ ድምፅ የሚወጣባቸው ከላይ የተሰቀሉት ግን ወደ ሩቁ ስለተዘነበሉ ፊት ለቆመው ከራሱ በላይ ያልፋል። ስለዚህ ከፊት ከበሮና ቤዝ እንጂ ግጥም አይሰማም። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ይዞ የሚቀመጠው ከመድረኩ ራቅ ብሎ ነው፤ ድምፁን የሚያስተካክለውም ለራሱ ጆሮ ነው። ከእሱ ድንኳን ኋላ ወይም ጎን የቆመ ሰው ባንዱን እሱ በሚሰማበት ሚዛን ይሰማል። ከዚያ በጣም ከራቃችሁ ደግሞ የፍሪሞንት ልዩ ችግር ይጀምራል፤ ቅስቱ ጣሪያና የሆቴሎቹ ግድግዳ ድምፁን ይመልሱታል፣ የየቡና ቤቱ ሙዚቃ ይደባለቃል፣ የሚቀጥለው መድረክ ድምፅ ይገባል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ 100 ሜትር የራቀ ሰው ከበሮ መቺው እጁን ካሳረፈ በኋላ ወደ ሦስት ዐሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። ሚክሰሩ አካባቢ፣ ወደ መስቀለኛ መንገዱ በሚያወጣው ጎን፦ ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው።

ጆሮንም አስቡ። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መለኪያ 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሮክ ኮንሰርት ከፊት ይህን በቀላሉ ያልፋል፣ ባንዱም ከአንድ ሰዓት በላይ ይጫወታል። ከፋርማሲ የሚገዛው የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፤ የማይሠራው ብዙ ሰው በትክክል ስለማያስገባው ነው። በጣቶች አሹታችሁ ቀጭን አድርጉት፣ ሌላውን እጃችሁን ከራስ በላይ በኩል አዙራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይ ሳቡ፣ አስገቡት፣ እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ደግፋችሁ ያዙት። ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ከታየ አልገባም። ለሕፃን ይህ አይሆንም፣ ጆሮውን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ያስፈልገዋል። ልጅን ትከሻ ላይ መሸከም ደግሞ ጆሮውን ከስፒከሩ ጋር ማስተካከል ነው።

ላስ ቬጋስ በሐምሌ በቀን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ ነው፤ በሐምሌ 7 ቀን 2024 ደግሞ 48.9 ተመዝግቧል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ መሬቱና ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፣ ሕዝቡ ይጨምርበታል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ወዲያው ይተናል፣ ሰውም አላበኝም ብሎ ውኃ ሳይጠጣ ይቆያል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲጀምር ካዚኖ ገብቶ አየር ማቀዝቀዣ ሥር መቀመጥና በዝግታ ውኃ መጠጣት ነው። ሰውዬው ግራ ከተጋባ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን የማረፍ ጉዳይ አይደለም፤ 911 ይደወላል፣ አንገቱንና ብብቱን በውኃ ማቀዝቀዝ ይጀመራል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ፣ ከሌላው ሰው ቀድመው ይዳከማሉ። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ከኮንሰርቱ ወቅት ጋር ይገጥማል፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጾመው የዋሉ እናት ምሽቱን ሙቀት ውስጥ ለመቆም ቢያንስ ከመሄዳቸው ሁለት ሰዓት በፊት በልተውና ጠግበው ጠጥተው መውጣት አለባቸው። ጎዳናው ላይ የጾም ምግብ መፈለግ ድካም ነው፤ ከቤት ወይም ከሐበሻ ምግብ ቤት በልቶ መሄድ ይሻላል።

ጫማ የተሸፈነ ይሁን፤ መሬቱ በፈሰሰ መጠጥ የሚያዳልጥ ነው፣ እግርም ይረገጣል። የጀርባ ቦርሳ ተዉት፤ ከኋላ የሚከፍተውን አታዩትም፣ በፍተሻም ሊያስመልሳችሁ ይችላል። ስልክ ከፊት ኪስ፣ ፓስፖርት የያዘ እንግዳ ልብስ ሥር በሚታሰር ትንሽ ቦርሳ። በጠርሙስ ምንም አይያዝ፤ ጎዳናው ላይ የሚጠጣው በፕላስቲክ ብርጭቆ ነው። መጠጥ ለሚፈልግ 21 ዓመት መሙላቱን የሚያሳይ ዋናው መታወቂያ ያስፈልጋል፣ የስልክ ፎቶ አይቀበሉም። በሳምንት መጨረሻ ምሽቶች ለወጣቶች የዕድሜ ገደብ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ፣ ታዳጊ ልጅ ያለው ቤተሰብ በዚያው ቀን የጎዳናውን ድረ ገጽ ይመልከት። ሽንት ቤቱ ካዚኖ ውስጥ ነው። ልጅ ይዞ በመተላለፊያው ማለፍ ይቻላል፤ ማሽኖቹ አጠገብ ልጅን አቁሞ መጠበቅ ግን በኔቫዳ ሕግ ክልክል ስለሆነ ጥበቃ ይመጣል።

ነፃ የተባለው ምሽት ገንዘብ የሚበላው በጎን በኩል ነው። የተለያየ ልብስ የለበሱት የጎዳና ተዋንያን አስፋልቱ ላይ በተቀቡ 1.8 ሜትር ስፋት ባላቸው ክቦች ውስጥ ይቆማሉ፤ ክቡን የሚያገኙት በዕጣ ነው። አብሯቸው ፎቶ የተነሣ ሰው ጉርሻ ይጠበቅበታል፤ ብዙ ሰው በሐበሻ ጨዋነት «ኑ» ሲሉት እምቢ ማለት ይከብደውና ሦስት ሰው ያለበት ፎቶ ተነሥቶ ሦስቱም እጃቸውን ይዘረጉበታል። ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመነኩሴ ልብስ ለብሶ አምባር እጃችሁ ላይ አስሮ ልመና የሚጀምር ሰው ሲያጋጥም፣ አምባሩን መልሶ መሄድ ነው፤ ምርቃት መስሏችሁ አትቀበሉ። መጠጥ ስታዙ ዋጋውን ጠይቁ፣ ሒሳቡ ላይ የተጨመረ ክፍያ ካለም አንብቡ። ካዚኖ ውስጥ ያለው ኤቲኤም የሚቆርጠው ክፍያ ከፍተኛ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ከባንካችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰው በሞላ ጊዜ የስልክ መስመር ይጨናነቃል። መደወል ሲያቅት አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ዘግይቶም ቢሆን ያልፋል። ስለዚህ መገናኛ ቦታ ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ። ሁሉም የሚመርጠው ከ1951 ጀምሮ 1ኛ ጎዳና አጠገብ የቆመውን ቬጋስ ቪክ የተባለ ባለ ኒዮን ካውቦይ ነው፤ ከሩቅ ስለሚታይ። ግን ከ1ኛ ጎዳና መድረክ አጠገብ ስለሆነ ኮንሰርቱ እዚያ ሲሆን ለመገናኛ ከሁሉ የባሰ ቦታ ነው። ከጣሪያው ውጭ፣ ለምሳሌ አንድ ብሎክ ወደ ደቡብ ካርሰን ጎዳና ላይ ያለ አንድ ማዕዘን ይሻላል፤ ለሽማግሌዎች የማዕዘኑን ስም በወረቀት ጽፎ መስጠት ነው።

መውጫውም ቀድሞ ይታሰብ። የሮክ ባንድ «ደህና እደሩ» ብሎ ሲወርድ አላለቀም፤ ታዳሚው ሲጮህ ተመልሶ አንድ ሁለት ዘፈን ይጨምራል፣ ብዙውን ጊዜም ትልቁን ዘፈን ለዚያ ያቆያል። በዚያች ክፍተት ግማሹ ሕዝብ ወደ መውጫ ሲጀምር ቀሪው ይመለሳል። ወደ ዳር መጠጋት ያለባችሁ ያኔ ነው፤ የመጨረሻውን ዘፈን ከዳር ሰምታችሁ ከሁሉ ቀድማችሁ ትወጣላችሁ። በአፕ የሚጠራ መኪና የምትፈልጉ፣ ጎዳናው አፍ ላይ ቆማችሁ አትጥሩ። ወደ ደቡብ ብሪጀር ወይም ወደ ሰሜን ስቱዋርት ጎዳና ሁለት ብሎክ ብትሄዱ ሹፌሩም ይደርስላችኋል፣ ዋጋውም ሊቀንስ ይችላል። ታክሲ መንገድ ላይ እጅ በማውጣት አይያዝም፤ ከሆቴል በር ላይ ካለው ተራ ነው። ሞኖሬሉ ሰሐራ ሆቴል ላይ ስለሚያበቃ ዳውንታውን አይደርስም፤ የሚደርሰው ባለ ሁለት ፎቁ ዱስ አውቶቡስ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። መልስ ላይ ሞልቶ ካለፈ ቀጣዩን መጠበቅ ይኖራል፤ ቲኬቱን አስቀድሞ በስልክ መግዛት ሰልፉን ያሳጥራል። በራሱ መኪና የመጣ የፓርኪንጉን ደረጃና ቁጥር ፎቶ ያንሣ፤ በኮንሰርት ምሽት ክፍያው እንደሚጨምር መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ሳያነብ አይግባ።

አዘጋጆች ሆይ፣ አንድ ልመና አለን። የእነዚህን ኮንሰርቶች ማስታወቂያ ስታወጡ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉልን። «9:00» ተብሎ የወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ አዲስ የመጣ እንግዳ በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ብሎ ካነበበው ስድስት ሰዓት ቀድሞ በጠራራ ፀሐይ ይሰለፋል። ከሰዓቱ ጋር የትኛው መድረክ እንደሆነና ለዚያ ምሽት የወጣ የዕድሜ ገደብ ካለም ብትጨምሩ፣ ማስታወቂያው የሚወስደው ቦታ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የላስ ቬጋስ ዳውንታውን ሠራተኛ አንባቢዎቻችሁ